በር ያሉት፣ ቀንበር ያሉት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ጣርማ በርን ያውቃል። ጉም የማይለየው፣ ነፋሱ ጋቢ የሚገፍ፣ አሻግረው ሲያዩ ቆላው ከእግር በታች ተዘርግቶ የሚታይበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለውን በተራሮች መካከል ያለ መሻገሪያ አማርኛችን «በር» ይለዋል። የአልፕስ ተራሮች ጀርመንኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ግን «ዮኽ» ብለው ጠሩት፤ ቀንበር ማለት ነው። በሁለት ጫፎች መካከል ጎበጥ፣ ዝቅ ያለውን ሸንተረር ሲያዩ በበሬዎቻቸው ጫንቃ ላይ የሚያርፈውን እንጨት ያስታውሳቸው ነበር ማለት ነው። እኛ የሚያልፈውን መንገደኛ አይተን፣ እነርሱ የሚሸከመውን ተራራ አይተው አንዱን ነገር በሁለት ስም ጠራነው።

ዛሬ የምንሻገረው ኒደርዮኽ ይባላል፤ «የታችኛው ቀንበር» እንደማለት ነው። ከፍታው 3,019 ሜትር ነው። መንገዱ በኦስትሪያ ከምትገኘው ፌንት ከምትባል መንደር ተነሥቶ፣ በሁለት የተራራ ማረፊያ ቤቶች በኩል አልፎ፣ በጣሊያን ሽናልስ ሸለቆ ውስጥ ፈርናግት በተባለች መንደር ያበቃል። ደህና እግረኛ ማልዶ ከተነሣ ወደ በሩ ለመውጣት አምስት ሰዓት፣ ወደ ታች ለመውረድ ደግሞ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የአንድ ቀን መንገድ ነው። በዚህ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ግን ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ታሪክ ተኝቷል፤ የእኛም አገር ስም ከታሪኩ ውስጥ አለበት። (ዓመታቱና ወራቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ሺህ ሜትር ለእኛ ደገኛ ብርቅ አይደለም፤ በዚያ ከፍታ ገብስ ይዘራል፣ ልጅ ይዳራል። አልፕስ ግን ከምድር ወገብ እጅግ የራቀ በመሆኑ በዚያው ከፍታ ላይ ያለው ድንጋይና የበረዶ ግግር ነው። መንገዱ የሚጀመርባት ፌንት 1,895 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። ክረምቷ ግን ደጃፍን በበረዶ የሚደፍን ነው።

በ1860 ወደዚህች መንደር አንድ ወጣት ካህን ተመድበው መጡ። አባ ፍራንዝ ዜን ይባላሉ። የተወለዱት በ1831 በዚያው በኦትስታል ሸለቆ፣ በሌንገንፌልድ ነው። ስለዚህ የተራራ ድህነት ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም። ያገኙት ምእመን ጥቂት ቤተሰብ ነው፤ ከበግና ከጥቂት ላም በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም። በዚያ ዘመን ግን ከቪየና፣ ከሙኒክና ከለንደን የመጡ የከተማ ሰዎች ተራራ መውጣት ጀምረው ነበር። አባ ፍራንዝ ሁለቱን አገናኙ። የራሳቸውን የካህን ቤት ለመንገደኛ ማደሪያ አደረጉት። የመንደሩን ወጣቶች መንገድ መሪ እንዲሆኑ አሠለጠኑ፤ ለመሪዎቹም የሥራ ደንብ አወጡ። ራሳቸውም ተራራ ወጪ ነበሩ፤ ከኒደርዮኽ በላይ የሚታየውን የፊናይል ጫፍ በ1865 ለመጀመሪያ ጊዜ ከረገጡት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ «የበረዶው ቄስ» ይላቸው ጀመር።

ለመንገድ ሥራ ገንዘብ ያስፈልጋል። አባ ፍራንዝ ከኪሳቸው አወጡ፤ ኪሳቸው ሲደርቅ ተበደሩ። ዕዳው እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም። እኔን ከታሪካቸው ሁሉ የሚነካኝ ይህ ነው። ከተራራ ወጪዎች ታሪክ ውስጥ ጫፍ ላይ ባንዲራ የተከሉት ስማቸው በወርቅ ተጽፏል፤ መንደሩ እንዳይራብ ብሎ በብድር መንገድ የጠረገ ሰው ግን የሚታወሰው ጥቂት ነው።

አንድ መከራ ደግሞ አለ። በኅዳር 1868፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ ሰባት ወር ገደማ በኋላ፣ አባ ፍራንዝ ከደቡብ ወደ ፌንት ሲመለሱ ከኒደርዮኽ ጎረቤት በሆነው በሆኽዮኽ በኩል ነበር የሚያልፉት። አብሯቸው የነበረው ከመሪዎቹ ሁሉ የሚወዱት ሲፕሪያን ግራንቢኽለር ነው፤ የፊናይልን ጫፍ ሲወጡ አጠገባቸው የነበረው እርሱ ነው። በሩ ላይ የበረዶ ውሽንፍር ያዛቸው። አባ ፍራንዝ በሕይወት ደረሱ፤ ሲፕሪያን ግን ደክሞ በዚያው ቀረ። ከመከራው ስድስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 9 ቀን 1869፣ ካህኑ ከፕራጉ ነጋዴ ከዮሐን ሽቲውድልና ከሌሎች ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው በሙኒክ የጀርመንን የአልፕስ ማኅበር ሲመሠርቱ እናገኛቸዋለን። የማኅበሩ ዋና ሥራ መንገድ መጥረግና ቤት መሥራት ነበር፤ ምርምሩና ጽሑፉ በሌሎች ማኅበራት ዘንድ አስቀድሞ ነበር። ሲፕሪያንን የቀበረ ሰው በተራራ ላይ ስለ መጠለያ ሲከራከር፣ ነገሩ ለእርሱ የወረቀት ክርክር እንዳልነበር አልጠራጠርም።

ሐሳቡ በአልፕስ ሁሉ የዘመኑ ሐሳብ ነበር፤ የስዊስ ማኅበር የመጀመሪያ ጎጆውን ቶዲ በሚባለው ተራራ ላይ የሠራው በ1863 ነው። ዛሬ የጀርመንና የኦስትሪያ ማኅበራት ብቻ ከ500 በላይ የተራራ ቤቶች አሏቸው። አባ ፍራንዝ ይህን ሁሉ አላዩም። በ1872 ከፌንት ተነሡ፤ በጥር 1884 ሽቱባይ በሚባለው ሸለቆ፣ በኖይሽቲፍት ደብር ሳሉ ዐረፉ። በስማቸው የተጠራው የተራራ ቤት የተከፈተው በማግሥቱ ዓመት ነው።

ከፌንት ወደ ላይ ያለው መንገድ የወንዙን ዳር ይዞ ቀስ እያለ ይወጣል። ዛፉ ቶሎ ያልቃል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሣርና ድንጋይ ነው። በበጋ ይህ ሣር በበግ ይሸፈናል፤ በጎቹ ግን የፌንት አይደሉም። ከበሩ ማዶ ከሽናልስ የመጡ ናቸው። በሰኔ አጋማሽ የደቡብ እረኞች በሺህ የሚቆጠሩ በጎቻቸውን በኒደርዮኽና በሆኽዮኽ በኩል አሻግረው ወደዚህ ያመጣሉ። በመስከረም አጋማሽ ደግሞ ይመልሷቸዋል። በሰኔ በሩ ላይ ገና በረዶ አለ። እረኞቹ ቀድመው እየረገጡ ዱካ ያበጃሉ፤ መንጋው በዱካው ይሰለፋል። የደከመ ጠቦት በጀርባ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አንገቱን ብቅ አድርጎ ይሻገራል። የግጦሽ ውሉ በጽሑፍ የሚገኘው ከ1415 ጀምሮ ነው። ዩኔስኮም በ2019 ይህን ዓይነቱን መንጋ የማሻገር ልማድ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

የሰሜኑ ሣር ለደቡቡ እረኛ እንዴት ተሰጠ ብሎ የሚጠይቅ ካርታ ያሳሳተው ሰው ነው። ፌንት ለረጅም ዘመን የምትተዳደረው ከማዶ፣ ከደቡቡ ሸለቆ ነበር። ወደ ሰሜን የሚወስደው ቁልቁለት ገደላማና ውኃ የሚሞላው ስለነበር ከበረዶው ይልቅ ያስፈራ ነበር። ዘመድም፣ ገበያም፣ ዳኛም በበሩ በኩል ነበር የሚገኘው። ተራራው አጥር የሆነው ኋላ ነው።

ከሁለት ሰዓት ተኩል ጉዞ በኋላ የመጀመሪያው ማረፊያ ቤት ይደርሳል፤ የማርቲን ቡሽ ቤት ይባላል፣ 2,501 ሜትር ላይ። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። እንደነዚህ ያሉ ቤቶች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። የገባ ሁሉ በእንግዳ መዝገቡ ላይ ስሙንና ነገ ወዴት እንደሚሄድ ይጽፋል፤ የጠፋ እንደሆነ ፍለጋው የሚጀመረው ከዚያች መስመር ነውና። ሐኪሙም፣ አናጺውም፣ ተማሪውም በአንድ ረጅም መደብ ላይ ጎን ለጎን ይተኛል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ጸጥታ ነው። ግድግዳው ላይ የችግር ጊዜ ምልክት ተለጥፎ ይታያል፦ በደቂቃ ስድስት ጊዜ በፋኖስ ወይም በፉጨት፣ አንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና ስድስት፤ የሰማ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። በዚህ አገር የመሸበት ሰው «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ የሚጣራው በዚህ ቁጥር ነው።

የመሸበትን የማስጠጋት ሥርዓት በሥርዓትነቱ ብቻ እንዳልቆየ ግን መናገር አለብኝ። በ1921 የማኅበሩ ትልቁ የቪየና ቅርንጫፍ አይሁዳውያንን በአባልነት የማይቀበል ደንብ አወጣ። የተገፉት አይሁዳውያንና ወዳጆቻቸው ዶናውላንድ የሚባል የራሳቸውን ቅርንጫፍ አቋቋሙ። በታኅሣሥ 1924 ማኅበሩ ይህንንም ቅርንጫፍ በጉባኤ ድምፅ አባረረው። ሂትለር ሥልጣን ሊይዝ ገና ስምንት ዓመት ይቀረው ነበር። በብዙ የተራራ ቤቶች ደጃፍ ላይ አይሁዳዊ እንዳይገባ የሚል ማስታወቂያ ተሰቀለ። በሦስት ሺህ ሜትር ላይ፣ ውሽንፍር ውስጥ፣ የበሩን ማስታወቂያ ያነበበውን ሰው አስቡት። ማኅበራቱ ዛሬ ይህን የራሳቸውን ታሪክ መርምረው በይፋ አምነዋል፤ ጽፈውታልም። መጻፋቸው መልካም ነው። በ1924 ግን አባ ፍራንዝ ለሲፕሪያን የተመኙት ዓይነት በር ተዘግቶ ነበር።

ከማርቲን ቡሽ ቤት በላይ መንገዱ ድንጋይ ለድንጋይ ይሆናል። በየርቀቱ አለት ላይ የተቀባውን ቀይና ነጭ ምልክት እያዩ ነው የሚሄዱት። ድሮ የመጨረሻው ቁራጭ የሚታለፈው በበረዶ ግግር ላይ ነበር፤ አሁን ግግሩ እየሳሳ ሸሽቶ አብዛኛው መንገድ ባዶ ድንጋይ ሆኗል። ሌላ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሄዱ ሁለተኛው ማረፊያ፣ የዚሚላውን ቤት፣ በሩ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ወደ ደቡብ ሲመለከቱ የሽናልስ ሸለቆ ከታች ጥልቅ ሆኖ ይገለጣል። ጣርማ በርን ያየ ሰው እዚህ ይቆማል፤ ያንኑ ስሜት ያገኛል።

የዚሚላውን ቤት ጣሊያን ውስጥ ነው፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ሰሜን ኦስትሪያ ነው። ይህን መስመር ያሰመረው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። በመስከረም 1919 በሴንት ዤርሜን የተፈረመው ውል ውኃው ወዲህና ወዲያ የሚለያይበትን የተራራ አናት ድንበር አደረገው። ከበሩ ደቡብ ያሉት ጀርመንኛ ተናጋሪ ሸለቆዎች በአንድ ፊርማ የጣሊያን ሆኑ። ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በጀርመንኛ ማስተማር ተከለከለ፤ የመንደሮችና የተራሮች ስም በጣሊያንኛ ተተካ። በጎቹ ብቻ እንደ ጥንቱ በየዓመቱ ይሻገሩ ነበር።

የእኛ ስም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ የእነዚህ ሸለቆዎች ወጣቶችም በጣሊያን ጦር ውስጥ እየተመለመሉ ነበር። ለሌላ ሰው ኢምፓየር በአፍሪካ ተራራ ላይ ላለመዝመት ብዙዎች ድንበሩን አቋርጠው ወደ ኦስትሪያና ወደ ጀርመን ሸሹ። ብዙዎች ደግሞ ዘመቱ። ከሽናልስ ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ ካለው የፑስተር ሸለቆ ስሙን የወሰደው «ፑስቴሪያ» የተባለው የአልፒኒ ክፍለ ጦር ብሩኔክ በተባለች ከተማ ተመሥርቶ ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። አልፒኒ ማለት ለተራራ ውጊያ የሠለጠነ የጣሊያን ጦር ነው፤ በባርኔጣው ላይ በሰካው ላባ ይታወቃል። ይህ ክፍለ ጦር በአምባ አራዶም፣ በተምቤንና በማይጨው ተዋጋ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በመሩት የማይጨው ውጊያ የእኛ አርበኞች ሽቅብ ሲወጡ ከላይ ሆነው ከጠበቋቸው መካከል የአልፕስን በር መጠበቅ የተማሩት ወታደሮች ነበሩ። በሌላ አገር ተራራ ላይ የተማሩትን በእኛ ተራራ ላይ ተጠቀሙበት፤ በላይም መርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ይወርድ ነበር።

በ1938 ለዚህ ክፍለ ጦር ክብር በብሩኔክ ሐውልት ቆመ። የአገሩ ሰው ግን አልወደደውም፤ ከጦርነቱ በኋላ በፈንጂ ተመትቷል። በቦልዛኖ ከተማ ደግሞ እስከ ዛሬ «አምባ አላጌ» የሚባል መንገድ አለ። በዚያ መንገድ የሚመላለሰው ስንቱ ስሙ ከየት እንደመጣ ያውቅ ይሆን? እኛ ግን እናውቀዋለን። በዚያ ስም የሚጠራውን ተራራ በ1888 ዓ.ም. የያዘውን የጣሊያን ጦር ድል ያደረጉት አያቶቻችን ናቸው።

ከዚሚላውን ቤት ወደ ምዕራብ፣ በሸንተረሩ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ቢጓዙ ቲዘንዮኽ ይደረሳል፤ 3,210 ሜትር ነው። እዚያ አንድ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። መስከረም 8 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ እኛ አዲሱን ዓመት በተቀበልን ልክ በሳምንቱ፣ ከኑረምበርግ የመጡ ባልና ሚስት ከፊናይል ጫፍ ወርደው በዚህ በኩል ሲመለሱ ቀልጦ በወጣ የበረዶ ውኃ ውስጥ ቡናማ ነገር አዩ። መጀመሪያ ቆሻሻ መሰላቸው። ቀርበው ሲያዩት የሰው ጀርባና ጭንቅላት ነው። ወደ ዚሚላውን ቤት ወርደው ለቤቱ ጠባቂ ተናገሩ። ሁሉም የገመተው በቅርብ ዓመታት የጠፋ ተራራ ወጪ ነው ብሎ ነበር፤ ግግር ሲቀልጥ እንዲህ ያለ አስከሬን ይወጣልና። በዚያ ዓመት በጋ በረዶው ከወትሮው ይልቅ የቀለጠበት አንዱ ምክንያት ከሰሐራ በረሃ የተነሣ አቧራ በፀደይ መጥቶ ላዩን ስላጠቆረው ነው። የአፍሪካ አቧራ ነው በሩን የከፈተው።

ማንነቱን ስላላወቁ አወጣጡ ሻካራ ነበር። በአየር ግፊት በሚሠራ መሰርሰሪያ ዳሌው ተጎዳ፤ ቀስቱም ተሰበረ። በኋላ በኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂው ምሁር ኮንራድ ሽፒንድለር መጥረቢያውን አይተው ቢያንስ አራት ሺህ ዓመት ይሆነዋል አሉ። ምርመራው ከዚያም አሻገረው፤ ሰውየው ከሞተ 5,300 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ጋዜጠኞች በኦትስታል ሸለቆ ስም ኦትሲ አሉት። ወዲያው የማን ነው የሚል ክርክር መጣ። ቀያሾች ሄደው ለኩ፤ ከድንበሩ 92 ሜትር ከ56 ሴንቲሜትር ጣሊያን ውስጥ ሆኖ ተገኘ። በ1919 የተጻፈ ወረቀት ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ለቆየ ሟች ዜግነት ሰጠው።

ዕቃዎቹን ሳስብ ልቤ የሚቀረው በአንዲቱ ላይ ነው። መጥረቢያዋ ትደነቃለች፤ ስለቷ መዳብ ነው፣ መዳቡም ዛሬ ቶስካና ከሚባለው አገር የመጣ ነው። ጫማው በድብ ቆዳ የተሠራ ሶል አለው፤ ውስጡ በደረቅ ሣር ተጎዝጉዟል። ነገር ግን ከበርች ዛፍ ልጥ የተሠራ አንድ ዕቃ ይዞ ነበር፤ ውስጡ በአረንጓዴ ቅጠል የተጠቀለለ ፍም ነበረበት። እሳት ተሸክሞ ነበር የሚጓዘው። ከጎረቤት በገል እሳት ጭራ የምትመለስ ሴት ልጅ ባለችበት አገር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሊቅ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ሊቃውንቱ እረኛ ነበር፣ ውሽንፍር ገደለው ብለው ነበር። በ2001 የተነሣ ራጅ በግራ ትከሻው ውስጥ የተቀበረ የድንጋይ የፍላጻ ጫፍ አሳየ። ከኋላ ተወግቶ ትልቅ የደም ሥሩ ተቆርጧል። እጁም ላይ ከጥቂት ቀናት በፊት የተቆረጠ ቁስል አለ። ከሆድ ዕቃው የተገኘው የአበባ ብናኝና የሣር ዝርያ እንደሚያሳየው፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ገደማ ከላይ ወደ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ሽቅብ ወጥቷል። ምናልባት የሚሸሸው ነገር ነበረው። ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የዋልያ ዘመድ የሆነውን የአልፕስ የተራራ ፍየል ሥጋ፣ የዋላ ሥጋና የስንዴ ዓይነት እህል በልቷል። በሩ ላይ ደርሶ ተቀምጦ በላ ማለት ነው። ዛሬም እግረኛ ሁሉ እዚያ ደርሶ የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ ሻንጣውን ያወርዳል፣ ዳቦውን ያወጣል፣ የመጣበትን ዞሮ ያያል።

ኦትሲ አሁን በቦልዛኖ ሙዚየም ከዜሮ በታች በስድስት ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ተኝቷል። ሰው በትንሽ መስኮት ያየዋል።

ወደ ፈርናግት ያለው ቁልቁለት ጉልበት ይፈታተናል። ድንጋዩ ሣር ይሆናል፣ ሣሩ ጥድ ይሆናል፤ ከታች ደግሞ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቃል። የጥንት ገበሬዎች ቤቶች ከሥሩ ሰጥመው ቀርተዋል። በመስከረም አጋማሽ የወረደ መንገደኛ ከኋላው ደወል ይሰማል፤ ዞሮ ሲያይ መንጋው ከበሩ እየፈሰሰ ነው። እረኞቹ በትር ይዘው፣ ውሾቹ በዳርና በዳር። ከሐይቁ አጠገብ ጉረኖው ተከፍቶ ባለቤቶቹ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሴቶች ሾርባ አፍልተዋል። እያንዳንዱ በግ ጀርባው ላይ የባለቤቱ ቀለም አለ። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ሰውየው በመንጋው መካከል ገብቶ ቀለሙን ይፈልጋል፤ ያገኘውን በቀንዱ ወይም በጸጉሩ ይዞ ወደ ዳር ያወጣና ይቆጥራል። ሰኔ ላይ በጀርባ ሻንጣ የተሻገረው ጠቦት በእግሩ መጥቷል።